የብረት መላጫዬና የቅቤ ነጋዴዋ ልጅ

ምላጭ የተጠቀለለበት ቀጭን ወረቀት ሲገለጥ ኮሽ ይላል። ዛሬ ጠዋት ኮሽ ሲል እጄ ቆም አለ። ውሃው ጣሳው ውስጥ ይጨሳል፤ የሳሙናው ሽታ በመስኮቱ ወጥቶ ግቢውን ሞልቶታል፤ ልጄ በሩን ተደግፎ ያየኛል። ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን ባለ አምስት ስለት መላጫ እስካሁን ከማሸጊያው አላወጣሁለትም።

«አባዬ፣ ይሄ ብረትህ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለኝ።

«እኔም አብሬው እገባለሁ» አልኩት።

ስቆ ሄደ። ለምን እንደማልለውጠው አልጠየቀኝም፤ የዛሬ ልጅ ምክር እንጂ ጥያቄ የለውም። አንተ ግን ጊዜ ካለህ ቁጭ በልና ስማኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ቢሆንም እንጀራዬ ወልቂጤ ነበር፤ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ፊት ማጽዳት ነበር ብልህ ይቀለኛል። ለመታወቂያም ለምረቃም የሚነሳ ሁሉ ፎቶው ከመታተሙ በፊት ጎንበስ ብሎ «ይቺን ነገር አጥፋልኝ» ይለኛል፤ እኔም ኮምፒውተሩ ላይ ብጉሩን፣ ጠባሳውን፣ የእንቅልፍ እጦቱን ሳይቀር አጠፋለታለሁ። የሰው ፊት ሳለሰልስ ውዬ መስተዋት ፊት ስቆም የራሴ ይጠብቀኛል።

የራሴ ፊት ጉድ ነበር። ከመንጋጋዬ እስከ ጉሮሮዬ ሽፍታ ብቻ፤ ከፊሉ መግል የያዘ፣ ከፊሉ ጠቁሮ የቀረ። ነጭ ሸሚዝ ከለበስኩ ረፋድ ሳይሆን ኮሌታው ላይ የደም ነጠብጣብ አያጣም። ታላቅ ወንድሜ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጣ ባለ ሦስት ስለት መላጫ፣ ጫፉ እየወለቀ የሚቀየር፣ ከነመቀየሪያው ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እንዴት ኮርቼበት እንደነበር! የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ «ደንበኛ ፊት የሚቆም ሰው ጺሙን አንጨብርሮ አይቆምም» የሚል ሰው ስለነበር በየቀኑ እላጫለሁ። ሽፍታው በባሰ ቁጥር በደንብ ያልተላጨሁ እየመሰለኝ ይበልጥ ተጭኜ እደግመዋለሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን ሌላ መንገድ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ያ ኤድስ የሚሉት በሽታ የስንቱን ቤት ዘግቶ፣ ስንቱን ልጅ ያለ ወላጅ አስቀርቶ፣ ሰው የሰውን ቆዳ እያየ የሚፈርድበት ዘመን። የከሳ ይታማል፣ ያሳለው ይታማል፤ ፊቱ ላይ የወጣበትማ አለቀለት። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ምላጭ ተሥሎ በቀይ ቀለም ተሰርዞበት ነበር። ልክም ነበር፤ ስንቱ አንድ ምላጭ እየተቀባበለ ሲላጭ ኖሯልና። እኔ ሻይ የምጠጣበት ቤት ግን ብርጭቆዬን ለይተው እንደሚያጥቡት በዓይኔ አይቻለሁ። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፤ በሆዴ ግን መዝግቤያቸዋለሁ።

ልጅቷን ያወቅኳት በዚያው ፊቴ ነው። መምህርነት ጨርሳ የምረቃ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ግንባሯ ላይ አጭር ጠባሳ ነበረባትና ሳትጠይቀኝ ማጥፋት ጀመርኩ።

«እንዳትነካው!» አለችኝ ከኋላዬ። «ገመድ ስዘል ወድቄ ነው። ካጠፋኸው ፎቶው የሌላ ሰው ይሆናል።»

እንደዚያ ያለኝ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ጠባሳዋን መለስኩላት። ፎቶዋን ልትወስድ መጣች፤ ከወሰደች በኋላም መምጣቷን አልተወችም። ሻይ ቤቱ አብረን ስንቀመጥ የእኔን ብርጭቆ አንስታ ትጠጣ ነበር፤ ሰው እያየ፣ ሆን ብላ። አሳላፊዋ በድንጋጤ ስታያት እሷ ደግሞ «ስኳር ጨምሪበት» ትላታለች። እንዴት አልወዳት!

እናቷ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ ቅቤ ተራ ገብተህ ብትጠይቅ የማያውቃቸው የለም። ከቸሃ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣውን ቅቤ የላዩን አይተው አያምኑም። ቀጭን እንጨት እስከ መሃሉ ሰድደው ያወጡና ያሸቱታል፤ ድንች የተደባለቀበት ከሆነ ሻጩን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልክ ልኩን ይነግሩታል። ሽማግሌ ልልክ እንዳሰብኩ ልጃቸው ስትነግራቸው እኔን አስጠሩኝ፣ እዚያው ቅቤ ተራ።

ፊቴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መልካም ልጅ ነው አሉኝ። ይሄ ነገር ግን ምንድን ነው?»

«መላጫ ነው፣ እትዬ።»

«አገሩ ሁሉ ይላጭ የለ? ምነው አንተን ብቻ?» ቅቤ የነካ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «የደም ምርመራ ወረቀትህን አምጣ። ከዚያ ሽማግሌ ትልካለህ።»

ወረቀቱ ነበረኝ። የከተማው ወጣት ተሰልፎ በተመረመረ ጊዜ እኔም ተመርምሬ ነጻ መሆኔ ተነግሮኛል፤ ልጅቷም ታውቃለች። ሻንጣዬ ውስጥ ልብሶቼ ሥር ተኝቷል። ሄዶ ማምጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ትልቋን ልጅዎን ሲድሩ ባሏን ወረቀት ጠይቀውት ነበር?»

«የእሱ ፊትማ እንደ እንቁላል ነበር» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

«እንግዲያው እኔም አላመጣም።»

ምርመራውን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ሁሉንም ቢጠይቁ እሰየው ነበር፤ ቀድሜ እሰለፍ ነበር። ግን ጉንጩ የለሰለሰ በቃሉ የሚታመን፣ ጉንጩ የሻከረ በማኅተም ከሆነ፣ ያ ምርመራ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ይህን ያኔም አምን ነበር፤ ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶም አምናለሁ። ማንም ከዚህ አያነቃንቀኝም።

ልጅቷ በማግሥቱ የጉብሬን መንገድ ይዘን ስንሄድ ለመነችኝ። ባጃጆች አቧራውን ያስነሱብናል፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው የምታወራው። «አምኜሃለሁ እኮ። እኔን ለማሳመን አይደለም። ለእኔ ብለህ አሳያት።»

«ላንቺ አልደበቅኩም። ለእሳቸው ግን አላሳይም።»

«እሺ ጺምህን ተወው፤ ይደግ።»

«አለቃዬ ያባርረኛል። ደግሞስ ምን ሠርቼ ነው የምሸፈነው?»

ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። እስከ ድልድዩ ሄደን ተመለስን።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ወላጆቼን ልጠይቅ በአረቅጥ በኩል መኪና እየቀያየርኩ፣ ብርዱ ፊቴን እየለበለበኝ ቡታጅራ ገባሁ። ከጋሪ ወርጄ በበርበሬ ተራ ሳልፍ አንድ ሰው ጠራኝ። የአባቴን ፀጉር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስተካክሉት ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው አንድ በር ነው፤ ግድግዳው ላይ ዳሩ የተበላ መስተዋት፣ አንድ ወንበር፣ ከደጁ ደግሞ ከቆሼ ከተማ የመጣ በርበሬ በጆንያ ተደርድሮ አላፊ አግዳሚውን ያስነጥሳል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ና እዚህ ብርሃን ላይ። ፊትህን ማነው እንዲህ ያረሰው?»

መላጫዬን አወጣሁና አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደ ሞተ አይጥ አዩት። የሰው ፊት አይተው ደንግጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ የእኔንም አገላብጠው ሲነኩት ጣታቸውን አልሰበሰቡም። ያ ብቻውን እንባዬን ሊያመጣው ነበር።

«ፀጉራችን ጥምዝ ነው» አሉኝ። «የዚህ የአንተ ዕቃ አንዱ ስለት ይስበዋል፣ አንዱ ይቆርጠዋል፣ ሦስተኛው ከቆዳ በታች ያወርደዋል። ተመልሶ ሲያድግ በሩ ተዘግቶበታል። ምን ያድርግ? ይወጋሃላ! በሽታ አይደለም፤ አብሽር።»

ሁለት ሳምንት ምንም እንዳላስነካው አዘዙኝ። ያን ጊዜ አለቃዬ ከደንበኛ ዓይን ሸሽጎ ከጓሮ ክፍል አስቀመጠኝ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ቡታጅራ ተመለስኩ። ሽማግሌው በእጄ ይዘው አንዲት ሱቅ ወሰዱኝ። ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ፤ ውስጡ የብረት መላጫ፣ እጀታው ሲጠመዘዝ ሦስት ቦታ የሚለያይ፣ ማንም ያልነካው። ብሩሽና አንድ እሽግ ምላጭም ገዛሁ።

«የእኔን ልሰጥህ እችል ነበር» አሉኝ ስንመለስ። «ግን ምላጭ እንደ ጥርስ መፋቂያ ነው፤ አይዋዋሱትም። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥዕል እውነቱን ነው።»

የዚያን ዕለት ትምህርት ዛሬም እጄ ላይ አለ። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቴ ላይ ጣሉ፤ ሞቀኝ፤ የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከበርበሬው ጋር ተጋጨ። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አሽከርክሬ አረፋውን እስኪወፍር እንድመታው አደረጉኝ። «አትጫን» ይላሉ። «ብረቱ የራሱ ክብደት አለው። አንተ ፀጉሩ ወደሚሄድበት ምራው ብቻ። አንዴ ካለፍክ በቃህ። እንደ እንቁላል ካልሆንኩ ብለህ አትመለስ።» እንደ እንቁላል ሲሉ ደነገጥኩ፤ ማን ነገራቸው? ፀጉሩ ሲቆረጥ ይሰማኛል፣ ፍርፍር እያለ። በርበሬው ሊያስነጥሰኝ ሲል እጄን ይዘው ከፊቴ ያርቁታል፤ አስነጥሼ ስጨርስ ይመልሱታል። ፊቴን ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ አልኮል ሲያርከፈክፉብኝ ከወንበሩ ተነስቼ ዘለልኩ፤ እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እንግዲህ ወልቂጤ ስመለስ ያደረግኩትን ስማ። መኝታ ቤቴ ተሸሽጌ መላጨት እችል ነበር። አላደረግኩትም። የተከራየሁበት ግቢ አጥሩ አጭር ነው፤ ቧንቧው ደግሞ ከመንገዱ ፊት ለፊት። መስተዋቴን አጥሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ጠዋት ሰው ወደ ሥራ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት ሲተም፣ እኔ እስከ ዓይኔ አረፋ ተቀብቼ በዚያ ምላጭ እላጫለሁ። ወልቂጤ ትየኝ! የከተማው ጎረምሶች «የሼባ መላጫ! ፋራ!» እያሉ ያልፋሉ፤ አረፋውን በጣቴ ጠርጌ እወረውርባቸዋለሁ።

አከራዬ ልጆቿን ሰብስባ ደጃፏ ላይ ቆመች። «አንተ ሰው፣ ምላጭ በዚህ ዘመን!»

የተጠቀምኩበትን ምላጭ የምከትበትን፣ ክዳኑ ላይ በጠባቡ የቀደድኩትን የወተት ቆርቆሮ አሳየኋት። «አንዴ ከገባ አይወጣም። ልጆችሽ አይነኩትም።»

«ምላጩን አይደለም የፈራሁት፣ አንተን ነው» አለች። «እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።»

እውነቷን ነበር። ፊቴ ቀስ በቀስ እየዳነ ሲሄድ እኔ ግን እየባሰብኝ ነበር። መስተዋቱ ውስጥ የማየው የራሴን ጉንጭ አልነበረም፤ ቅቤ ተራ ተቀምጠው የሚያፍሩትን የእናቷን ፊት ነበር። ልጅቷ አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ ከስታለች፤ ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። የማወራላት ስለ ሽፍታዬ ነው። «በዚህ በኩል ጠፋ፣ እይ። እናትሽ ምን እንደሚሉ እናያለን!» እላታለሁ። ትሰማኛለች። አንድ ቀን «አንተ የምታገባው እኔን ነው እናቴን?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ፊቴ ጠርቷል። አለቃዬም ከጓሮ አውጥቶ ደንበኛ ፊት መልሶኛል።

ለመስቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅቤ ነጋዴ ራሱን የሚያክበት ጊዜ በሌለው ሰሞን፣ እናቷ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ተራቸውን ለሰው ትተው ነው የመጡት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ፊቴን አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ፣ ፊትህ ጠራ እኮ» አሉኝ። «ይኸው ለመስቀልህ። ሽማግሌዎችህን ላክ፤ ደስ ይለናል።» ስለ ወረቀት አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ስንት ወር የጠበቅኩት ሰዓት መጣልሃ! ደረቴን ነፋሁ። አለቃዬ እያየ፣ ሁለት ደንበኞች እየሰሙ፣ «እኔ ያው የፊቱ ሰው ነኝ፣ እትዬ» አልኩ። «የጠራው ፊቴ ከሆነ ልጅዎን ለፊቴ ይዳሩለት።» ቅቤውንም ተቀብዬ፣ መልሼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

በእኛ አገር ከእናት እጅ የመጣ ቅቤ አይመለስም። ደግሞ ለመስቀል! የተጣላ ሰው እንኳ ተቀብሎ ኋላ ይጣላል። እናቷ ቅጠሉ የተገለጠበትን ጠርዝ በጥንቃቄ መልሰው ሸፈኑና ወጡ። አለቃዬ ራሱን ይዞ «ምን አደረግክ አንተ ልጅ?» አለኝ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው፤ ጣፍጦኝ በላሁ።

ልጅቷ መምጣቷን አቆመች። መስቀል አልፎ ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ መናኸሪያ አገኘኋት። አረቅጥ ተመድባ ለማስተማር መሄዷ ነበር። ሻንጣዋ የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል።

«ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

ወደ ጥላው ወሰደችኝና ረጋ ብላ ነገረችኝ። ክረምቱን ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመርምራለች፣ ብቻዋን። የራሷን ወረቀት አምጥታ እናቷ ፊት አስቀምጣለች። «የእሱን ከጠየቅሽ የእኔንም እዪ አልኳት። እሱ በቃሉ የማይታመን ከሆነ እኔስ በምን እታመናለሁ? ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ቀን ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴ ይቅርታ ብላ አታውቅም፤ አፏ አይችልበትም። ፊትህ ጠራ ያለችህ እሱ ይቅርታዋ ነበር። ቅቤውን ራሷ ነች የመረጠችው፤ ለገበያ የማታወጣውን።»

እዚህ ላይ ሰዎች ተጸጸትክ ወይ ይሉኛል። ሚስቴም ታሪኩን ስለምታውቀው አንዳንዴ ትጠይቀኛለች። ወረቀቱን ባለማሳየቴ? በፍጹም! ዛሬ ብጠየቅም አላሳይም። በዚያ አጥር ላይ መስተዋት ሰቅዬ በመላጨቴም አልጸጸትም፤ በኋላ ስንት ጎረምሳ ፊቱን ይዞ እየመጣ አስተምረኝ ብሎኛል። ያቺን ቅቤ መመለሴ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። እሳቸው እንጨታቸውን ጥለው ሲመጡ እኔ የላዩን አይቼ ፈረድኩ።

«ሄጄ እናትሽ እግር ላይ ልውደቅ» አልኳት ልጅቷን፣ እዚያው መናኸሪያው ጥላ ሥር።

«ትወድቃለህ፤ እሷም ታነሳሃለች» አለች። «እኔ ግን ደከመኝ። ያን ሁሉ ወር ከእናቴ ጋር ስጣላልህ አንተ ከእናቴ ጋር ስትጣላ ነበር። ማናችሁም እኔን አላያችሁኝም።»

ረዳቱ «ሞላ! ሞላ!» እያለ የሚኒባሱን በር ይመታል። እጇን አንስታ ጉንጬን ዳሰሰችው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ነክታው አታውቅም ነበር።

«ለስልሷል» አለች። «እኔ ግን የበፊቱንም ወድጄው ነበር።»

ገባች። መኪናው ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ጉብሬ ታጠፈ። እኔ በዚያ ንጹሕ ፊቴ ሰው መሃል ቆሜ አለቀስኩ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።